ጨቅላዎችንና ሕፃናትን ለሚረዱ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎች ስለሚሰጥ ሥልጠና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በአምቡላንስ ለሚሠሩ፣ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ለተመደቡ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ሠራተኞቻቸውን ለማሠልጠን ላሰቡ ተቋማት ነው። የሚነሡት ጥያቄዎች ብዙ ቢሆኑም አብዛኞቹ ዞረው ዞረው አንድ ነገር ላይ ያርፋሉ፤ አዋቂን ያለ ችግር የሚረዳ ባለሙያ ሕፃን ሲያጋጥመው እጁ የሚታሰረው ለምንድን ነው?

አዋቂን መርዳት የሚችል ባለሙያ ለሕፃናት የተለየ ሥልጠና ለምን ያስፈልገዋል?

በአዋቂ ላይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቆመው ልብ ነው፤ ትንፋሽ ልብን ይከተላል። በሕፃን ላይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። በሳንባ ምች፣ በትንታ፣ በውኃ መስጠም ወይም በሌላ ከባድ ሕመም የተጠቃ ሕፃን አስቀድሞ ትንፋሹ ይደክማል፣ ከዚያ በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይመናመናል፣ ልቡ የሚቆመው በመጨረሻ ነው። በዚህ መካከል ባለሙያው ሊሠራበት የሚችል ጊዜ አለ፤ ሥልጠናው ከሁሉ በላይ የሚያስተምረውም ይህን ጊዜ ለይቶ ማየትንና ሳያባክኑ መጠቀምን ነው። ልቡ ከቆመ በኋላ የሚደረገው ርብርብ ሕፃኑን የሚመልሰው ከስንት አንዴ ነው።

የአካሉም አሠራር ይለያል። የሕፃን ምላስ ለአፉ ትልቅ ነው፤ የራስ ቅሉም ወደ ኋላ የጎላ በመሆኑ በጀርባው ሲተኛ አገጩ ወደ ደረቱ ይታጠፍና መተንፈሻው ይጠብባል። የአየር ቧንቧው ቀጭን ስለሆነ ትንሽ እብጠት ብዙ ይጎዳዋል። 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቧንቧ ዙሪያውን በ1 ሚሊ ሜትር ቢያብጥ አየሩ የሚገጥመው ተቃውሞ 16 እጥፍ ይሆናል፤ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የአዋቂ ቧንቧ በዚያው ልክ ቢያብጥ ግን ተቃውሞው የሚያድገው ወደ 3 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። ደሙም ጥቂት ነው። 3 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጨቅላ በአካሉ ውስጥ ያለው ደም 240 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ሦስት ወይም አራት የቡና ሲኒ የሚሞላ ነው። በመሆኑም በደንብ ካልታሰረ እትብት የሚንጠባጠብ፣ ወይም እንጥል ከተቆረጠ በኋላ አልቆም ያለ ደም ለዓይን ኢምንት ቢመስልም ለሕፃኑ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው።

ሌላው አሳሳች ነገር የደም ግፊት ነው። ሕፃን ብዙ ደም ወይም ፈሳሽ አጥቶም የደም ሥሮቹን በማጥበብና ልቡን በማፍጠን ግፊቱን ለረጅም ጊዜ ይዞ ይቆያል፤ ሲወድቅ ግን በአንድ ጊዜ ነው። የደም ግፊቱ ጥሩ ነው ብሎ የተዘናጋ ባለሙያ ሕፃኑን የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሥልጠናው የሚመለከተው እነማንን ነው?

በመጀመሪያ ደረጃ የአምቡላንስ ባለሙያዎችንና ነርሶችን ነው፤ ነገር ግን ሾፌሩን የማያካትት ሥልጠና ግማሽ ሥልጠና ነው። በብዙ ወረዳዎች አምቡላንስ ይዞ የሚወጣው ሾፌሩ ብቻ፣ ወይም ሾፌሩና አንድ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ ጨቅላው መንገድ ላይ ትንፋሽ ቢያጣ የሁለተኛው ሰው እጅ የሾፌሩ እጅ ነው። በአዲስ አበባ በ907 ለቀይ መስቀል፣ በ939 ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ የሚደውል ሰው የሚያገኘውን ስልክ ተቀባይም መዘንጋት አይገባም፤ አምቡላንሱ እስኪደርስ እናትየው ምን እንድታደርግ በስልክ የሚመራት እሱ ነውና።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ክብደት አለው። በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎቹ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ይህ ቁጥር ወደ 67 ወርዷል። በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚሞቱት ግን ከ49 ወደ 29 ብቻ ነው የቀነሱት። ክትባት፣ የጤና ኤክስቴንሽን አገልግሎትና የተሻለ አመጋገብ ከፍ ያሉትን ልጆች ሲታደጉ፣ ጨቅላዎቹ የሚድኑት በተወለዱበት ሰዓት አጠገባቸው ያለ ሰው ማድረግ ያለበትን ካወቀ ነው።

ሠልጣኙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ምንድን ነው?

ከበር ላይ ሆኖ ማየትን ነው። ሕፃኑን ሳይነካ፣ ሳያስለቅስ፣ ከእናቱ እቅፍ ሳይለይ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ነገሮችን ይመለከታል፦ ሁኔታውን፣ አተነፋፈሱንና የቆዳውን መልክ። ይህ ዘዴ በእንግሊዝኛ የሥልጠና መጻሕፍት የሕፃናት ምዘና ሦስት ማዕዘን ተብሎ ይጠራል፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለአምቡላንስ ሠራተኞች ባዘጋጀው ትምህርት አማካይነት በሰፊው ተሰራጭቷል።

ሁኔታው ሲባል፣ ሕፃኑ ሰው ሲመጣ ዓይኑን ያነሣል ወይ? እናቱን ይፈልጋል ወይ? ሲያለቅስ ድምፁ ብርቱ ነው ወይስ የደከመ ሲቃ? እግሩን ይወራጫል ወይስ እንደ ጨርቅ ተዝለፍልፏል? የሚያስቸግርና የሚታገል ሕፃን ብዙ ጊዜ አያሰጋም፤ የሚያሰጋው መርፌ ሲወጋ እንኳ ዝም የሚለው ነው። አተነፋፈስን በተመለከተ፣ የአፍንጫ ቀዳዳ መርገብገብ፣ ከጎድን አጥንት በታች ደረቱ ወደ ውስጥ መሰርጎዱ፣ በየትንፋሹ ማቃሰቱ፣ ራሱን ከትንፋሹ ጋር መነቅነቁ ሁሉም ድካምን ይነግራሉ። የቆዳውን መልክ ለመመርመር ግን ከመጻሕፍቱ ሥዕሎች መራቅ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ የተዘጋጁት በነጭ ቆዳ ላይ ነው፤ በእኛ ልጆች ላይ መገርጣትንና መጥቆርን የሚያሳዩት ምላስ፣ ድድ፣ የዓይን ቆብ የውስጥ ገጽ፣ የእጅ መዳፍና የእግር ጫማ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የአገር ቤት እውነታ ይጨመራል። ሕፃኑ የሚመጣው በአንቀልባ ታዝሎ፣ በጋቢና በነጠላ ተጀቧቡኖ፣ ፊቱም ከሰው ዓይን ተሸፍኖ ነው። በልብስ ላይ ሆኖ ትንፋሽ መቁጠር አይቻልም። ሠልጣኙ እናትየዋን በአክብሮት «እናቴ፣ ደረቱን ልየው፤ ወዲያው መልሰን እናለብሰዋለን» ብሎ መጠየቅን፣ የሚከፍተውንም ደረቱን ብቻ አድርጎ መልሶ ማልበስን እንደ ማንኛውም ሙያ ይለማመዳል።

ትንፋሽ ስንት ሲሆን ነው ፈጣን የሚባለው?

የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቀምባቸው ልኬቶች በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ዘንድ ሳይቀር የታወቁ ናቸው። ዕድሜው ከ2 ወር በታች ለሆነ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 11 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ይባላል። መቆጠር ያለበት ሕፃኑ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ ነው። ለ15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት በጨቅላ ላይ ያሳስታል፤ ጨቅላ ጥቂት ሴኮንድ አርፎ ከዚያ ፈጠን ፈጠን እያለ የመተንፈስ ልማድ አለውና። ፈጣን የነበረው ትንፋሽ ሕፃኑ ሳይነቃቃ በድንገት ቢዘገይ መሻሻል አይደለም፤ አቅሙ አልቆ ሊቆም መቃረቡ ነው።

በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ የሚለካው የጣት ኦክሲሜትር ካለ ይደረጋል፤ በደጋ አገር ግን ቁጥሩን በአስተዋይነት ማንበብ ይገባል። ኦክስጅን የሚጀመርበት የተለመደ ወሰን ከ90 በመቶ በታች ሲሆን፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ቦታዎች ጤነኛ ሕፃናትም ከቆላ ልጆች ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያሉ። በአንጻሩ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ደረቱ የሚሰረጎድን ሕፃን መሣሪያው ደህና ነው ስላለ ብቻ ወደ ቤቱ መመለስ አይገባም።

ትልቁ የእጅ ሙያ የትኛው ነው?

ያለ ጥርጥር አምቡ ባግ፣ ማለትም በእጅ እየተጨመቀ በማስክ በኩል አየር ወደ ሳንባ የሚያስገባውን ከረጢት፣ መጠቀም ነው። የሥልጠናው ጊዜ አጭር ከሆነና አንድ ነገር ብቻ መለማመድ ከተቻለ መመረጥ ያለበት ይህ ነው።

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ማስኩ ከአፍንጫው ድልድይ እስከ አገጩ ስንጥቅ መድረስ፣ ዓይኑን ግን መጫን የለበትም። የሕፃኑ ራስ በመጠኑ ቀና ብሎ፣ አበባ ለማሽተት አፍንጫውን ወደ ፊት እንደሚያቀና ሰው ሆኖ መቀመጥ አለበት፤ ለዚህም ፎጣ ወይም ነጠላ አጥፎ ከትከሻው ሥር ማድረግ ይረዳል። አንገቱን እንደ አዋቂ ወደ ኋላ ማጠፍ የሕፃኑን መተንፈሻ መልሶ ይዘጋዋል። ጣቶች የሚያርፉት በመንጋጋው አጥንት ላይ እንጂ ከአገጩ ሥር ባለው ለስላሳ ሥጋ ላይ አይደለም። ባጉ የሚጨመቀው ደረቱ ከፍ ሲል እስኪታይ ብቻ ነው፤ በፍርሃት ሙሉ በሙሉ የሚጨምቅ ሰው አየሩን ወደ ሆድ ይልካል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ሕፃኑም ያስመልሳል። ልቡ እየመታ ትንፋሽ ላጣ ሕፃን በየ2 ወይም 3 ሴኮንዱ አንድ ጊዜ መስጠት ይበቃል። ሁለት ሰው ካለ አንዱ ማስኩን በሁለት እጁ ይይዛል፣ ሌላው ይጨምቃል፤ ይህ ለጀማሪ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም የተሻለ አሠራር ነው።

«እኛ ወደ አየር ቧንቧ ቱቦ ማስገባት ስላልተማርን ሥልጠናችን ጎዶሎ ነው» የሚል ቅሬታ ብዙ ጊዜ ይሰማል። በአሜሪካ በሎስ አንጀለስና በኦሬንጅ ካውንቲ 12 ዓመትና ከዚያ በታች በሆኑ 830 ሕፃናት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ጥናት ለዚህ መልስ ይሰጣል። በአምቡላንስ ሠራተኞች ቱቦ እንዲገባላቸው ከተመደቡት 26 በመቶው፣ በአምቡ ባግ ብቻ እንዲረዱ ከተመደቡት ደግሞ 30 በመቶው በሕይወት ተርፈዋል፤ በስታቲስቲክስ አነጋገር ልዩነት የለም። ከሆስፒታል ውጭ ሕፃን የሚያድነው ውድ መሣሪያ ሳይሆን በደንብ የተገጠመ ማስክ ነው ማለት ነው።

ደረት መጫን ለሕፃን እንዴት ይለያል?

ፍጥነቱ እንደ አዋቂ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው። ጥልቀቱ የደረቱን ውፍረት አንድ ሦስተኛ ያህል፣ ማለትም ለጨቅላና ዓመት ላልሞላው ሕፃን 4 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያ በላይ ላለው ልጅ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በአሜሪካ የልብ ማኅበር መመሪያ ረዳቱ ብቻውን ከሆነ 30 ጊዜ ተጭኖ 2 ትንፋሽ፣ ሁለት ባለሙያዎች ከሆኑ 15 ተጭነው 2 ትንፋሽ ይሰጣሉ። የአውሮፓው መመሪያ ገና ከመነሻው 5 ትንፋሽ እንዲሰጥ ያዛል፤ ምክንያቱ ከላይ የተገለጸው ነው፣ የጎደለው አየር ነውና። ትንፋሽ እየተሰጠውም የልቡ ምት በደቂቃ ከ60 በታች ሆኖ የደም ዝውውሩ የደከመ ሕፃን ልቡ እስኪቆም ሳይጠበቅ ደረቱ መጫን ይጀመራል። ዓመት ያልሞላው ሕፃን የደም ምት የሚዳሰሰው በላይኛው ክንድ የውስጥ ክፍል ሲሆን ፍለጋው ከ10 ሴኮንድ ማለፍ የለበትም።

ከዚህ በፊት የሠለጠኑ ሊያውቁት የሚገባ ለውጥ አለ። ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ደረት በሁለት ጣት ጫፍ መጫን ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ የኖረ ትምህርት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የታደሰው የአሜሪካ የልብ ማኅበር መመሪያ ይህን አስቀርቶ ደረቱን በሁለት እጅ አቅፎ በሁለት አውራ ጣቶች፣ አለዚያም በአንድ እጅ መዳፍ ተረከዝ መጫንን ተክቷል። በሁለት ጣት በቂ ጥልቀት ማግኘት እንደማይቻል በልምምድ አሻንጉሊት ላይ የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጣት ቶሎ ይዝላል።

ሕፃን ባዕድ ነገር ሲያንቀው ምን ይደረጋል?

ኦቾሎኒ፣ የሽምብራ ቆሎ፣ ባቄላ፣ ሳንቲምና የእስክሪብቶ ክዳን የተለመዱት ናቸው። እያሳለ ድምፅ የሚያወጣ ልጅ በራሱ እንዲያስል ይበረታታል፤ ጀርባውን መደብደብ አያስፈልግም። ድምፁ የጠፋ፣ ማሳል ያቃተው ሲሆን ግን ዓመት ያልሞላው ሕፃን በክንድ ላይ ራሱን ዝቅ አድርጎ በሆዱ ይተኛና በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ ይመታል፣ ከዚያ ተገልብጦ ደረቱ ላይ 5 ጊዜ ይጫናል፤ ይህ እየተፈራረቀ ይቀጥላል። የዚህን ዕድሜ ሕፃን ሆድ መጫን ጉበቱን ስለሚጎዳ ክልክል ነው። ዓመት ላለፈው ልጅ 5 የጀርባ ምትና 5 የሆድ ግፊት ይፈራረቃሉ። ራሱን ከሳተ ወደ ደረት መጫን ይታለፋል፤ ትንፋሽ ከመስጠት በፊት አፉ ይታያል። የሚታይ ነገር ካለ ይወጣል፣ የማይታየውን ግን በጣት መዳበስ ወደ ውስጥ መግፋት ነው።

ሕፃኑ አምቡላንስ ውስጥ ቢወለድስ?

ይህ በኢትዮጵያ ከሁሉ የበለጠ መዘጋጀት የሚያስፈልገው ጉዳይ ነው። በየወረዳው የተሰማሩት አምቡላንሶች በአብዛኛው የሚያመላልሱት ወላዶችን ነው፤ ምጥ ደግሞ መንገዱ እስኪያልቅ አይጠብቅም።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ ያደረገው፣ ጨቅላዎች እንዲተነፍሱ የመርዳት ሥልጠና መላ ትምህርቱን የገነባው በአንዲት ደቂቃ ላይ ነው። ሕፃኑ እንደተወለደ በደረቅ ጨርቅ ይደረቃል፣ እርጥቡ ጨርቅ ይወገዳል፣ በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ተደርጎ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ይሸፈናል፣ ራሱም ይሸፈናል። የሚያለቅስ ከሆነ ሌላ ምንም አያስፈልገውም፤ እትብቱም ቢያንስ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ባይቆረጥ ይመረጣል። ካላለቀሰ ጀርባው ይታሻል፤ አፉ በፈሳሽ ከተዘጋ ብቻ ይጠረጋል። አሁንም ካልተነፈሰ ደቂቃዋ ሳታልቅ በአምቡ ባግ ትንፋሽ መስጠት መጀመር አለበት፣ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ። ኦክስጅን ሲሊንደር የለም ብሎ መቆም አይገባም፤ ጊዜው ደርሶ የተወለደ ጨቅላ በተራ አየር ይጀመርለታል።

እግሩን ይዞ ዘቅዝቆ መምታት፣ ቀዝቃዛ ውኃ መርጨትና ደጋግሞ አፉን መምጠጥ ጉዳት እንጂ ጥቅም የላቸውም፤ ሁሉም ያቺን ደቂቃ ይበላሉ። ከወሊድ በኋላ ያለው ትልቁ ጠላት ብርድ ነው። የጨቅላው ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መጠበቅ ሲኖርበት፣ የአምቡላንሱ መስኮት በተከፈተ ቁጥር ይወርዳል። ማሞቂያ ለሌለው መኪና የእናት ደረት ከማንኛውም መሣሪያ ይሻላል፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያዋ ቦጎታ ማሞቂያ ሣጥን ያነሳቸው ሐኪሞች የጀመሩት አሠራር ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚከተለው ሆኗል። ለጨቅላው ቅቤ ማስዋጥ ግን ወደ ሳንባ ስለሚገባ መከልከል አለበት፤ ቀድሞ ተውጦ ከሆነም ሳይቆጡ ጠይቆ ማወቅ ለምርመራው ይጠቅማል።

በሾክ ላይ ላለ ሕፃን ፈሳሽ ቶሎ በደም ሥር መስጠት አይገባም?

ሾክ የደም ዝውውር ተዳክሞ አካል በቂ ደም የማያገኝበት ሁኔታ ነው። መልሱ እንደ ምክንያቱ ይለያያል፤ በዚህ ረገድ የቆየ ትምህርት ተሽሯል። በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ከፍተኛ ትኩሳትና የደም ዝውውር መዳከም በታየባቸው 3,141 ሕፃናት ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ጥናት ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው 10.5 በመቶ ገደማ፣ ካልተሰጣቸው ደግሞ 7.3 በመቶ በ48 ሰዓት ውስጥ እንደሞቱ አሳይቷል። ውጤቱን ብዙ ሐኪሞች ለማመን ተቸግረው ነበር፤ ይድናሉ ብለው የሚያደርጉት ነገር ነበርና።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባደሰው መመሪያ ሾክ የሚባለው የእጅና እግር መቀዝቀዝ፣ ጥፍር ተጭኖ ሲለቀቅ ደም ለመመለስ ከ3 ሴኮንድ በላይ መውሰዱና የደከመ ፈጣን የደም ምት ሦስቱም አንድ ላይ ሲገኙ ነው። ከእነዚህ አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ የታየበት ሕፃን ፈሳሽ በፍጥነት አይሰጠውም። ሦስቱም ካሉ በኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ እየተከታተሉ ይሰጣል። በተቅማጥ ክፉኛ የደረቀ ሕፃን ጉዳይ ሌላ ነው፤ እሱ የጠፋውን ውኃ መልሶ ማግኘት አለበት። በጣም የከሳ ወይም እግሩ ያበጠ ሕፃን ደግሞ የራሱ ጥንቃቄ አለው። ጥናቱ ተቅማጥ ያለባቸውንና ክፉኛ የተጎሳቆሉትን ስላላካተተ ለሁሉም መጠቅለያ ማድረግ ስሕተት ይሆናል።

የመድኃኒት መጠን በክብደት የሚሰላ ከሆነ ሚዛን በሌለበት እንዴት ይደረጋል?

አሜሪካዊው ሐኪም ጄምስ ብሮስሎ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሠራው ባለ ቀለም ሜትር የሕፃኑን ቁመት ለክቶ ክብደቱንና የመድኃኒቱን መጠን በቀለም ያሳያል። ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የከሳ ልጅን ክብደት አብዝቶ ይገምታል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ዳሰሳ በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት 38 በመቶው ለዕድሜያቸው የቀነጨሩ፣ 10 በመቶው የከሱ ነበሩ። ለቀነጨረ ልጅ በዕድሜ የሚሰላ ቀመር ከሁሉ የባሰ ሲያሳስት፣ በቁመት የሚለካው ሜትር ይሻላል፤ ለከሳው ግን ሁለቱም ያሳስታሉ። ስለዚህ ልጁ የከሳ መሆኑን የሚያሳየውን የክንድ ዙሪያ መለኪያ ከሜትሩ ጋር በአንድ ቦርሳ መያዝ ተገቢ ነው።

ከክብደት ግምት ይልቅ የሚያስፈራው ነጥብ የማዛወር ስሕተት ነው። 7 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሕፃን ልቡ ሲቆም የሚሰጠው አድሬናሊን 0.07 ሚሊ ግራም ነው፤ 1 ሚሊ ግራም የያዘው አምፑል በ10 ሚሊ ሊትር ተበጥብጦ ከዚያ 0.7 ሚሊ ሊትር ይወሰዳል። ሳይበጠበጥ 0.7 የቀዳ ሰው 10 እጥፍ ሰጠ ማለት ነው። ሥሌቱ በጭንቀት ሰዓት በቃል መደረግ የለበትም፤ ተጽፎ በአምቡላንሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ አንዱ ሲቀዳ ሌላው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ።

ስለ ቃጠሎና መመረዝ ምን ይሰጣል?

ጀበና፣ የፈላ ውኃ፣ ወጥ፣ ከሰል ምድጃና ምጣድ ለታዳጊ ሕፃናት ቃጠሎ የዕለት ተዕለት ምክንያቶች ናቸው። የተቃጠለው ቦታ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ይቀዘቅዛል፣ የቀረው አካል ግን እንዳይበርደው ይሸፈናል፤ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ ቅቤና የቡና ዱቄት አይቀባም። የተቃጠለውን ስፋት ለመገመት የአዋቂ ሥሌት አይሠራም፤ የሕፃን ራስ ብቻውን የቆዳውን 19 በመቶ ገደማ ይይዛል። ላምባ ወይም በረኪና የጠጣ ልጅ እንዲያስመልስ አይደረግም።

ከወላጆች ጋር መሥራት በሥልጠና ይሰጣል?

መሰጠት አለበት፤ ብዙ ጊዜ ግን በመጨረሻው ሰዓት በአንድ ስላይድ ይታለፋል። በሕፃን ጥሪ ላይ ሁልጊዜ ከአንድ በላይ ታካሚ አለ። እናቱ ስትጮኽ ሕፃኑም ይጮኻል፤ እሷ ስትረጋ እሱም ይረጋል። ስለዚህ እናት ከሕፃኑ አትለይም፤ ሥራም ይሰጣታል፣ ኦክስጅኑን በአፍንጫው አጠገብ እንድትይዝ፣ እጁን እንድትዳብስ። አያት ካሉ «እማማ፣ ትላንት ማታ እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ የተሟላውን ታሪክ ያስገኛል፤ ሌሊቱን ቁጭ ብለው ያደሩት እሳቸው ናቸው።

በአራስ ቤት ደግሞ ጥንቃቄው ይበዛል። የእንግዳ ዓይን ይፈራል፤ በኦርቶዶክስ ቤተ ሰብ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ስማቸው ገና ያልጸና ሊሆን ይችላል። በሪፈር ወረቀት ላይ «የወይዘሮ እገሊት ልጅ» ብሎ በእናት ስም መጻፍ ሁለት ጨቅላዎች እንዳይቀላቀሉ ያደርጋል። እናትየው በእርግጠኝነት የምትነግረንን ነገር፣ በተለይም «እንደ ወትሮው አይደለም» ስትል፣ መሣሪያው ባያሳይም ማመን ከልምድ የተገኘ ብልሃት ነው።

ሕፃን በአምቡላንስ ውስጥ የት ይቀመጣል?

በጉልበት ላይ አይደለም። መኪናው በድንገት ሲቆም ያቀፈው ሰው ሊይዘው አይችልም። በአልጋው ላይ በልኩ በሆነ ማሰሪያ ወይም በሕፃን መቀመጫ ታስሮ ይጓዛል፤ ለተረጋጋ ጨቅላ በእናት ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ መሆን ግድ ከሆነ እናትየው በአልጋው ላይ ታስራ፣ እሱም በጨርቅ ከእሷ ጋር ተጠብቆ፣ ሾፌሩ በዝግታ ይነዳል። ሳይረን እያሰሙ መክነፍ የሚያተርፈው ደቂቃ ከሚያደርሰው አደጋ ያነሰ ነው።

የልምምድ አሻንጉሊት የሌለው ተቋም ምን ያድርግ?

አሻንጉሊቱ የሚሠራበት ላርዳል የተባለው የኖርዌይ ኩባንያ ራሱ የመጫወቻ አሻንጉሊት ሠሪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ነው ወደ ሕክምና ማስተማሪያ የተሻገረው። ለደረት መጫን በጨርቅ የተሞላ አሻንጉሊትም ለመነሻ ይሆናል። ለአምቡ ባግ ግን ደረቱ ከፍ ሲል የሚያሳይ እውነተኛ ማስተማሪያ ያስፈልጋል፤ ተቋማት አንዱን ተዋውሰው ቢፈራረቁበት ይሻላል እንጂ ያለ እሱ የተሰጠ ሥልጠና ለወረቀት ብቻ ይሆናል።

ሥልጠናው በስንት ጊዜ ይታደሳል? በውጭ አገር ለሚሠሩስ?

በአሜሪካ የከፍተኛ ሕፃናት ነፍስ አድን ሥልጠና የምስክር ወረቀት የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ነው፤ እዚያ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በአምቡላንስ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያንም ይህንኑ ይከተላሉ። እጅ ግን ሁለት ዓመት አይጠብቅም። የሕፃን ጥሪ ከአዋቂ ጥሪ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ባለሙያው በሥራው ላይ የሚለማመድበት ዕድል የለውም፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ይረሳል። በዓመት አንድ ጊዜ ለሦስት ቀን ከመሰብሰብ ይልቅ በየወሩ በተራ ሲገቡ ለ15 ደቂቃ አምቡ ባግ መለማመድ የበለጠ ያተርፋል። በውጭ አገር አማርኛ ተናጋሪ ቤተ ሰብ ሲያጋጥም እንግሊዝኛ የሚችለውን ታላቅ ወንድም ወይም እኅት አስተርጓሚ ማድረግ አይገባም፤ ልጁ የወንድሙን ሕመም ለእናቱ እንዲያረዳ መገደድ የለበትም።

ሕፃኑ መንገድ ላይ ቢሞት ባለሙያው ምን ያደርጋል?

ሞትን ማረጋገጥ የሐኪም ሥራ ነው፤ ርዳታውም ሆስፒታል እስኪደረስ ይቀጥላል። ነገር ግን እናትየው አጠገቡ ናት፤ ፊቱን እያየች ትጠይቃለች። በአገራችን መርዶ የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በሽማግሌ አንደበት ነው፤ የአምቡላንስ ሠራተኛ ይህ ሁሉ የለውም። ያለው ነገር ቢኖር አለመዋሸት ነው። «ትንፋሹና ልቡ ቆመዋል፤ የምንችለውን ሁሉ እያደረግን ነው» ይባላል፤ «ደህና ይሆናል» አይባልም። ሆስፒታል ሲደረስ ከዘመድ አንድ የሚረጋ ሰው ተፈልጎ ከእሷ ጋር ይሆናል፣ ከፈቀደችም ሕፃኑን ታቅፈዋለች።

ወደ ጣቢያ ሲመለሱ ቡድኑ ለቀጣዩ ጥሪ ከመውጣቱ በፊት ቁጭ ብሎ የሆነውን በቅደም ተከተል ያወራል፤ ማን ምን አየ፣ የቱ ጋ ዘገየን። ከዚያ አምቡ ባጉ ተፈትቶ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ሦስቱም የማስክ መጠኖች፣ የጨቅላው፣ የሕፃኑና የልጁ፣ በቦርሳው ውስጥ መኖራቸው ይቆጠራል።